ጎደሬ ሳይበላ አረቄ የማይቀዳበት ቤት

«የአረቄ ቤትሽን ፈቃድ አላድስም» አለኝ ዛሬ ጠዋት የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሰው፣ ደጄ ላይ ቆሞ።

የቡና ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ ቴፒ ውስጥ ሰካራም በዝቷል ብሎ ነው። እውነቱን ነው።

ግን ለቃሚውን የሚጥለው ሲለቅም ውሎ በባዶ ሆዱ መጠጣቱ ነው። ስለዚህ እኔ ቤት የተቀቀለ ጎደሬ ላልበላ ሰው አረቄ አይቀዳም። «እናቴ ነሽ እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል፤ ግን ይበላሉ።

ይህን ብነግረውም የጽሕፈት ቤቱ ሰው አላመነኝም። ይሄኔ ደጄ ላይ ዝንጅብል የምትሸጥ የአንድ ለቃሚ ሚስት ጣልቃ ገባች።

«ኧረ ጌታዬ! ባሌ ከሌላ ቤት ሲመጣ በሰው ትከሻ ነው። ከእሷ ቤት ግን በእግሩ ነው የሚመጣው!»

ሰውየው ሳቀና «በይ ነገ መጥተሽ አድሺ» ብሎኝ ሄደ።

አረቄ ሻጭ በጠጪ ሚስት ስትመሰገን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ ተመስግኜ ኮርቻለሁ። በእናንተ ከተማስ ስካርን የቀነሰ ምን ዘዴ አለ? ንገሩኝ።