ጴጥሮስና የአጎቱ ምንጭ

ጴጥሮስ ጅግሶ እንግሊዝኛ የተማረው ዲላ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ አባቱ ሞተበትና ደብተሩን አስቀምጦ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ከኮንጋ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ወዳለው የእናቱ ቤት ተመለሰ። ቡናውንና እንሰቱን ይዞ ቀረ። ቋንቋው ግን አልጠፋበትም። እንሰት ሲኮተኩት ብቻውን ያነበንበዋል። ሚስቱ አትጠገብ "ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ነው ወሬው?" እያለች ትስቅበታለች። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ከሆነ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ካድሬ ድንገት ቢገባበት "የትምህርት መጽሐፍ ነው" ብሎ ለማለፍ እንዲመቸው። ዝምተኛ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣል፣ እጅ አውጡ ሲባል ያወጣል፣ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያ ልጁ ገና አፏን ስትፈታ ነበር የሞተችበት። ተቅማጥና ትውከት ይዟት፣ ታቅፏት ወደ ይርጋጨፌ ሲወርድ መንገድ ላይ እጁ ላይ አለፈች። ክሊኒክ ደርሶ የታቀፈውን ሲያሳያቸው አንዱ ሠራተኛ አንገቱን ነቅንቆ "የምትጠጡት ውኃ ነው" አለው። ይህች ቃል ከጆሮው አልወጣችም።

በ1977 ዓ.ም. ቡናው ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን አንድ ላንድሮቨር ሁለት ወጣት ፈረንጆች ይዞ መጣ። ከዴንማርክ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው ተባለ። ልጅቷ ካሪን ትባላለች፤ ለአስተማሪነት የምትማር፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረች ልጅ ናት። ልጁ ዬንስ ግንበኛ ነው፤ ቁመቱ ከመርዘሙ የተነሳ በየገባበት ቤት ግንባሩን ከጉበኑ ያላትማል። የመጡት ምንጭ ሊያጎለብቱ ነው። የምንጩን ዓይን ቆፍረው፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብተው፣ ከብት እንዳይገባበት ዘግተው፣ ውኃውን በቧንቧ ሊያወጡት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጴጥሮስን አስጠራው።

"እንግሊዝኛ ይችላል ይሉሃል።"

ጴጥሮስ ደነገጠ። በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም።

"ድሮ ትንሽ ትንሽ ሞክሬ ነበር።"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ትውላለህ። የሚሉትን ለእኛ፣ የምንለውን ለእነሱ።"

አስተርጓሚ የሆነው እንዲህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ በጋ ደስ ብሎት አያውቅም። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ አንዱ ክፍል ተሰጥቷቸው የቀርከሃ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት ሰው ሳይነሳ ተነስተው ይጠብቁታል። የካሪን መዳፍ በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ በጨርቅ ጠቅልላው ዶማዋን አነሳች። ቆጮ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን አፏ ውስጥ አገላብጣ አገላብጣ ስትውጠው ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ወር ሳይሞላ ግን "ጨምሩልኝ" ማለት ለመደች። ዬንስ ሆዱን አሞት ሰንብቶ ከስቶ ሲወጣ፣ ድንጋይ የሚያመላልሱት ወንዶች አንስተው ባሬላ ላይ አስተኙትና እየጨፈሩ ወደ ሥራው ቦታ ወሰዱት። እሱም ባሬላው ላይ ሆኖ ይስቃል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ካሪን ለጴጥሮስ "መኖር ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው በላቸው" አለችው። ለሴቶቹ በጌዴኦኛ ተረጎመላቸው። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ልጅቷን በኀዘን ተመለከተቻትና "እናት የላትም እንዴ? ማን ዝም ብሎ ለቀቃት?" አለች። ጴጥሮስ ያንን ለካሪን "እናትሽን ሰላም በይልን እያሉሽ ነው" ብሎ አለፈው። ሁሉም ደስ አላቸው። ትርጉም እንዲህ ለስለስ ሲደረግ እንደሚጠቅም ያየው ያኔ ነው።

ችግሩ ምንጩ ላይ ነበር። ከአካባቢው ሁሉ ውኃው በጋ ከክረምት የማይቀንሰው የጋሽ ሽብሩ ምንጭ ነው። ጋሽ ሽብሩ የጴጥሮስ የእናቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ምንጩ ከቤታቸው ጓሮ፣ አባታቸው ከተከሉት እንሰት ሥር ይፈልቃል። ሊቀመንበሩ ሲጠይቃቸው እምቢ አሉ።

"ውኃው ይፈሳል፣ ሰው ይቀዳል። ማንን ከልክዬ አውቃለሁ?" አሉ። "ሲሚንቶ የፈሰሰበት መሬት ግን የመንግሥት ነው። ዛሬ ፈረንጅ ይገነባዋል፤ ነገ አንዱ መጥቶ የእኔ ነው ይላል።"

ዬንስና ካሪን ሌላ ምንጭ ፍለጋ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። የሚሆን አጡ። በመጨረሻ ጴጥሮስ ማንም ሳይልከው ብቻውን ወደ አጎቱ ሄደ።

"አጎቴ፣ ልጄን ያስታውሷታል?"

"እንዴት አላስታውሳት? በእጄ አይደል የቀበርኳት!"

"የገደላት ውኃው ነው።"

ጋሽ ሽብሩ ቢላቸውን አንስተው የደረቀ የእንሰት ቅጠል መግፈፍ ጀመሩ። አንዱን እንሰት ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሻገሩ፣ ዞር ሳይሉ ተናገሩ።

"ለፈረንጆቹ ብዬ አይደለም። ለሊቀመንበሩም አይደለም። ለእሷ ብዬ ነው። ቆፍሩት።"

ውኃው በሦስት ቧንቧ የወጣ ዕለት አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ካሪን ከነልብሷ ከቧንቧው ሥር ገብታ ራሷ እስኪንጠባጠብ ረጠበች። ዬንስ ፎቶ አነሳ። ሲሰናበቱ ካሪን ጴጥሮስን አንገቱን አቅፋ "ይህ ውኃ የእናንተ ነው፤ ማንም አይወስድባችሁም" አለችው። ጴጥሮስ ለሕዝቡ ተረጎመ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ሆኖ ቆየ። የልጆች ተቅማጥ እውነትም ቀነሰ። አትጠገብ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቷም አደገች። ሰዎች ጴጥሮስን መንገድ ላይ ሲያገኙት ቆም ብለው ሰላምታ ይሰጡት ጀመር፤ ስብሰባ ላይም ወደ ፊት ና ይሉታል።

በ1979 መጨረሻ ላይ ገመድና ችካል የያዙ ሰዎች መጡ። የመንደር ምሥረታ ነው ተባለ። በየእንሰቱ ሥር ተበትኖ የሚኖረው ገበሬ በመስመር ሠፍሮ አንድ ላይ ይኖራል። መሪያቸው ጓድ ወንድይፍራው የሚባል፣ ከወደ አዋሳ የተላከ ወጣት ካድሬ ነው። የታችኛውን ሜዳ አዩት፣ የላይኛውን ጉብታ አዩት፤ ውኃ የለውም ብለው ተዉት። ከዚያ የጋሽ ሽብሩ ጓሮ ደርሰው ቧንቧውን ከፈቱ። ጓድ ወንድይፍራው በእፍኙ ጠጣና አፉን ጠረገ።

"እዚህ ነው" አለ።

በስብሰባው ላይ "ሌሎች መንደሮች ገና ውኃ ይፈልጋሉ፤ እናንተ ግን የተዘጋጀ አላችሁ፣ ዕድለኞች ናችሁ" ሲል ሕዝቡ ቀስ እያለ ዞሮ ጴጥሮስን አየው። ጴጥሮስ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ችካሉ በጋሽ ሽብሩ መሬት ላይ ተመታ። እንሰቱ ተቆረጠ፣ ቡናው ከሥሩ ተመነገለ። ጥላ የሚሆኑትን ዛፎች ሲጥሏቸው የጓሮው ሰማይ ባንድ ቀን ተራቆተ። እያንዳንዱ ሰው የገዛ ቤቱን አፍርሶ፣ ግድግዳውንና ምሰሶውን ተሸክሞ ወደዚያ እንዲመጣ ታዘዘ። ጴጥሮስም የእሱን አፍርሶ ተሸከመ። ጋሽ ሽብሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። ጴጥሮስ ምሰሶውን አውርዶ ሊያጽናናቸው ቀረብ አለ። ቀና ብለው አዩት።

"ያቺ ልጅህ ብትኖር ኖሮ አሁን ትምህርት ቤት ትገባ ነበር፣ አይደል?"

"ትገባ ነበር፣ አጎቴ።"

"አዎ" አሉ።

በመንደሩ መኖር እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሰው ከቡናው ራቀ፤ ቀይ ፍሬውን ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ሌባ ይለቅመዋል። እንሰት ከቤት ጓሮ ሆኖ እበት ካላገኘ ይከሳል፣ ከሳም። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ምንጭ ላይ ሲረባረብ በጋ ላይ ቧንቧው እንደ ክር ቀጠነ። ሴቶች በእንስራ ሰልፍ ተደባደቡ። "የጴጥሮስ ውኃ" ይሉት ጀመር፤ ለምስጋና ግን አልነበረም። ጋሽ ሽብሩ በሁለተኛው ክረምት፣ ራቅ ካለው ማሳቸው ዝናብ መቷቸው ሲመለሱ ብርድ ገባባቸውና በሳምንታቸው ሞቱ። የተቀበሩትም ከድሮ ቦታቸው ርቀው ነው።

በ1981 ካሪን ተመልሳ መጣች። ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆናለች። አዲስ አበባ ድረስ በራሷ መጥታ፣ ያ የወጣትነት ሥራዋ ምን እንደደረሰ ለማየት ፈቃድ አግኝታ ነው። መምጣቷ አስቀድሞ ስለተነገረ ጓድ ወንድይፍራው መንገዱን አስጠርጎ፣ ሕዝቡን ንጹሕ አስለብሶ ጠበቃት። ከመኪና ወርዳ በመስመር የተደረደሩትን ቤቶች ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጴጥሮስ! በውኃው ዙሪያ መንደር ሠራችሁ!"

እንባዋ ወረደ፤ ከልቧ ነበር። በዓይኗ አንድ ሰው ፈለገች። "ሽብሩስ የት አሉ?"

የጋሽ ሽብሩ ልጅ በቀለ ከሰው መሐል ወጣና ከፊቷ ቆመ። በጌዴኦኛ፣ እያንዳንዱን ቃል ረጋ ብሎ ለጴጥሮስ ተናገረ።

"አባቴ ሞቷል በላት። አሁን የቆመችበት የእሱ እንሰት ነበር በላት። አሁን እሱም የለ፣ እንሰቱም የለ፣ ቡናውም የለ። በዚህ ውኃ ሰበብ ነው በግድ ያሰፈሩን። ስትሄድ ቧንቧዋን ነቅላ ይዛ ትሂድ በላት።"

ጓድ ወንድይፍራው ጌዴኦኛ አይሰማም፤ እንግሊዝኛ ግን ይሰማል። አንገቱን ወደ ጴጥሮስ አዘንብሎ "ምን አለ?" ሲል በአማርኛ ጠየቀ። ካሪንም እየጠበቀችው ነው። ጴጥሮስ በቀለን አየ። በቀለ ዓይኑን አልሰበረም።

"አባቴ በእርጅና አርፏል" አለ ጴጥሮስ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። "ውኃውን ሲያመሰግን ነው የሞተው። እኛም እናመሰግናለን፣ ይላል።"

ካሪን በቀለን ሄዳ አቀፈችው። በቀለ አማርኛ አሳምሮ ይሰማል። እንደ ግንድ ደርቆ ቆመና፣ ስትለቀው መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ። ካድሬው "አዝኖ ነው" አላት።

መኪናው ሊነሳ ሲል ጓድ ወንድይፍራው ሾፌሩን ሊያናግር ፈቀቅ አለ። ጴጥሮስ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "ካሪን፣ ሰዎቹ ወደው አይደለም የመጡት። በግድ ነው። ውኃው ስላለ ነው እዚህ ያደረጉት" አላት። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ካድሬውን አየች፣ ቤቶቹን አየች፤ ከንፈሯ ነጣ። እንደሚለምን ሰው፣

"ግን ውኃው ጥሩ ነው፣ አይደል?" አለችው።

"ውኃው ጥሩ ነው" አለ ጴጥሮስ።

ከዚያ በኋላ አይቷት አያውቅም።

በ1982 መጋቢት የኢኮኖሚው አዋጅ ተለውጦ ገበሬው ወደ ፈለገበት ይሂድ የሚለው ወሬ ሲደርስ፣ መንደሩን ለማፍረስ ማንም መመሪያ አልጠበቀም። ሁሉም ቤቱን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተሸከመ። ጴጥሮስም ወደ ዳገቱ ተመለሰ። በቀለ የአባቱን መሬት ሲረከብ መጀመሪያ ያደረገው የምንጩን ግንብ በዶማ ማፍረስ ነበር። ቧንቧዎቹን ገደል ከተታቸው። ቀና ብሎ "ተው" ያለው ሰው የለም፤ ጴጥሮስም አላለውም። ሴቶች እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው ከኩሬ ይቀዱ ጀመር።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የጴጥሮስ እናት ሞተች። የወንድሟ ልጆች በሙሉ በአካባቢው አሉ፣ ጎረቤትም አለ። ለቅሶው ቤት የመጣው ግን ጥቂት ነው። መቃብሩን ጴጥሮስና የአትጠገብ ወንድም ቆፈሩት፤ ከጸሎት ቤት ወዳጆቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጸለዩ። ዝናቡ የተቆፈረውን አፈር እያጠበ ይመልሰዋል። አፈር አልብሰው ሲያበቁ በቀለ ከታች በኩል ብቅ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ የአክስቱ መቃብር ዘንድ ተንበርክኮ አለቀሰ። ሊሄድ ሲነሳ ጴጥሮስ መንገዱ ላይ ቆመ።

"በቀለ፣ ያን ቀን እንዳልከው ብተረጉመው ኖሮ የሚያስሩት አንተን ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ በቀለ። "እንደምታሰር አውቄ ነበር የተናገርኩት። አንተ ግን ያባቴን ሞት ምስጋና አደረግኸው።"

ባርኔጣውን አጠለቀና ቁልቁለቱን ወረደ። አትጠገብ ሁሉንም ሰምታለች። አካፋውን ከባሏ እጅ ተቀበለችውና ወደ ቤት ገቡ።