የዘገዬ ቁጥር

ሣህሉ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የፉርጎ ቁጥር መዝጋቢ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው የሚል ካለ በሰኔ ፀሐይ ከጋለ ብረት ሥር ቆሞ ይሞክረው። ሰውዬው የቁጥር አመል ነበረበት፤ ያየውን ቁጥር ሁሉ ሳያካፍል አያልፍም።

የሚኮራባት አንዲት ዘዴ ነበረችው። አንድ ፉርጎ በሁለት መዝገብ ላይ የተለያየ ቁጥር ይዞ ሲገኝ ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳል። ልዩነቱ ለዘጠኝ እኩል ከተካፈለ፣ «ፉርጎው ያው ነው፤ ጸሐፊው አኃዝ አቀያይሮ ነው» ይላል። ተሳስቶም አያውቅም። ይህን ራት ላይ እየደጋገመ ልጁን ዘገዬን አሰልችቶታል። ሚስቱ የሺአረግማ፣ «ዘጠኝህን ተውና ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ» ትለው ነበር።

ዘገዬ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ፣ ከማሠልጠኛው በላከው ደብዳቤ፣ «አባዬ፣ እስቲ ቁጥሬን አካፍልልኝ» ብሎ 15485863ን ጻፈለት። ሣህሉ ለሁለት ሞከረ፤ እምቢ አለ። ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ አሁንም እምቢ። ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ እየተቀመጠ፣ ራሳቸው በማይካፈሉ ቁጥሮች ብቻ እየሞከረ፣ በአምስት ወር ውስጥ አምስት መቶ አርባ ስድስት ጊዜ አካፍሎ 3931 ላይ ደረሰ። ሁልጊዜ ትራፊ አለ። ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ጥንዱ ከታች ይገኝ ነበርና አቆመ። ቁጥሩ ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም አይካፈልም።

«ልጄን የሚከፍለው የለም!» ብሎ አብሮት ለሚሠራው ለአብዲቃድር አወራ።

«ኢንሻአላህ፣ እንደ ቁጥሩ ሙሉውን ይመለሳል» አለው አብዲቃድር። ጅልነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ ጦር ሜዳ ያለ አባት ሌላ ምን ይያዝ?

በሦስተኛው ዓመት ቀበሌ ተጠራ። ሊቀመንበሩ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገለት፤ ወታደር ዘገዬ ሣህሉ፣ ቁጥር 15485836፣ ለእናት አገሩ ተሰውቷል ይላል።

«የልጅዎ ቁጥር ከሆነ ይፈርሙ፣ ጓድ ሣህሉ።»

«የኔ ልጅ አይደለም» አለ ሣህሉ። «ይሄ ለሁለት ይካፈላል። ለአራትም ይካፈላል። የልጄ ለምንም አይካፈልም።» ሳይፈርም ወጣ።

ድልድዩን ትቶ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ተጓዘ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ቁጥር ይዞ ሳይቀንስ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ፈርቶ ነበር።

የሺአረግ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስም ተመሳስሎ ነው፣ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው፣ ለሁለት ይካፈላል ብሎ ነገራት።

«ልዩነቱስ ስንት ነው?» አለችው።

«አልቀነስኩትም።»

«አንተ? አንተ ሳትቀንስ? እስቲ አሁን ቀንሰው።»

ሣህሉ ግድግዳውን ተደገፈ። ትንሹን ከትልቁ ቀንሶ፣ «ሃያ ሰባት» አለ።

«ሦስት ጊዜ ዘጠኝ» አለች የሺአረግ፤ ነጠላዋንም አዘቀዘቀች።