የጋሽ ዘሪሁን ትሑት ኢሜይል

ጋሽ ዘሪሁን አሰላ ያለው የገበሬ ማኅበራችን የዘር መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። እንደሳቸው የሚቆጣ፣ እንደሳቸውም የሚራራ ሰው አላየሁም። ገበሬ ዘር አጥቶ ካዩ ምሳ አይበሉም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ኢሜይል ሲጽፉ ግን አያድርስ ነው። ግንቦት ላይ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መጣባቸው፤ አንድ የስድብ ኢሜይል ቢደግሙ ይሰናበታሉ። ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነበር።

የዚህን ጊዜ ጥልቅ አልኩ፤ ምን አገባኝ! ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፣ አሳዘኑኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንደልብዎ ይናገሩ፣ ኤአይ ያለሳልስልዎታል» ብዬ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው።

ሰኔ ተጋመሰ፤ ለኢተያ ገበሬዎች የስንዴ ዘር አልመጣም። ጋሼ ስልኩን አፋቸው ላይ ደግነው እሳት ተፉ። የወጣው ማር ነው፦ «የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በሚመችዎ ጊዜ ዘሩ ቢላክልን ደስታችን ነው።»

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«ዝም ብለው ይላኩት» አልኳቸው። ላኩት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል፤ ሐምሌ ከገፋ ዘሩ ቢመጣም ዋጋ የለውም። አቶ ቱሳ የሚባሉ ገበሬ በየማለዳው ከኢተያ መጥተው በረንዳችን ላይ ቁጭ ይላሉ። ጨነቀኝና ዋናው መሥሪያ ቤት ላለችው ለቤርሳቤህ ደወልኩ።

«በሚመቸን ጊዜ ብለው የለ እንዴ?» አለችኝ። «ጋሽ ዘሪሁን ካልተቆጡማ አያስቸኩልም ብለን ጥያቄውን ከሁሉም ሥር አደረግነው።»

ለጋሼ ነገርኳቸው። በረንዳው ላይ ያሉትን አቶ ቱሳን አዩ።

«ጡረታዎስ ጋሼ?» አልኩ።

መነጽራቸውን አደረጉና በሁለት ጣት ራሳቸው ጻፉ፦ «አይመችም። ነገ ዘሩ ካልተጫነ መጥቼ እናንተን ጭኜ አመጣለሁ።»

በሦስተኛው ቀን መኪናው ገባ። ሾፌሩ ከዘሩ ጋር የታሸገ ፖስታ አቀበላቸው። የስንብት ደብዳቤ ነው፤ «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ ያለንን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽን» ይላል። አንብበው ለኔ ሰጡኝ።

«ይሄንን ደብዳቤ ሰው አልጻፈውም፣ ሐመልማል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼ፣ ተቆጥቶ የሚያባርረኝ ሰው እንኳ ልጣ?»

ከዚያ ጆንያ ሊያስወርዱ ወጡ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።