ለአባቴ የታየችው መኪና

መኪናዋ ውስጥ መጀመሪያ የተጋደምኩት እኔ ነኝ። የኋላ ወንበሮቿ ወደ ፊት ሲታጠፉ ወለሉ ሜዳ ይሆናል፤ ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲያሳየኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። አባቴ ቁመታቸው ከእኔ ስለሚበልጥ ሸርተት ብዬ የሳቸውን ያህል ቦታ ለካሁ። ይበቃል። «በል ንዳት» አልኩት። ከእናትና አባቴ ቤት በታች ያለውን ድንጋያማ መንገድ ወጣ፣ ወረደ፤ ራሴ አንዴም ከወለሉ ጋር አልተጋጨም። ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የታመመ ሰው ጎኑ ሳይጎዳ ጎንደር ይደርስባታል ወይ የሚለው ብቻ ነበር።

ጊዜው ሞባይል ደባርቅ ገብቶ ሰው ሁሉ ኮረብታ ላይ እየወጣ የሚጮህበት ሰሞን ነው። እኔ ዳባት አስተምር ነበር። ወላጆቼ ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ሸንተረር ላይ ይኖሩ ነበር። ወንድሜም እዚያው አጥር ውስጥ ቤት ሠርቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይኖራል። እንጀራው ሁለት በቅሎዎች ናቸው። የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ተራራው ላይ ባለው ፓርክ ውስጥ እስከ ጨነቅ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መሬቱ ለወንድማማች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለእሱ በደረሰችው ቁራጭ ላይ የሚበቅለው ገብስ እስከ ፋሲካ እንኳ አያደርሰውም ነበር።

አባቴ ሳንባቸው ላይ ውሃ ይቋጠርባቸው ነበር። ጎንደር ሆስፒታል ሲቀዳላቸው ቀለል ይላቸዋል፤ ሰንብቶ ደግሞ ይመለሳል። ሐኪሙ እኔን ወደ ጎን ወስዶ፣ ውሃው በየጊዜው ካልተቀዳና መድኃኒቱ እየታየ ካልተስተካከለ ክረምቱን አይወጡም አለኝ። ለእሱ ቀላል ነገር ነው። እኛ ዘንድ ግን በሽተኛ ከቤት እስከ መኪና መንገድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። የመንደሩ ወንዶች ሞፈር ቀንበራቸውን ጥለው፣ እየተፈራረቁ ይሸከማሉ፤ እምቢ የሚል የለም። አባቴን ያቃጠላቸው ይኸው እምቢ የሚል አለመኖሩ ነው። «የሰው ትከሻ ጨረስኩ» ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሚኒባስ ይለመናል። ሚኒባስ ውስጥ መጋደም የሚባል ነገር የለም፤ አራት ሰው በተጣበቀበት ወንበር ላይ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ሽማግሌ የሰው ዶሮ ታቅፈው ጎንደር ይገባሉ። እንዲህ ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ «በቃኝ፤ ከእንግዲህ ቤቴ ልሙት» አሉ።

መኪናዋን ወንድሜ ያገኛት በደላላ ነው። አንድ የጎንደር ነጋዴ ለቤተሰቡ ገዝቷት ኖሮ፣ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ሊሸጣት አወጣት። ያገለገለች ናት፤ ግን አያያዟ የሙሽራ ነበር። ከትልልቆቹ የፓርክ መኪኖች አነስ ትላለች። ሦስት ረድፍ ወንበር አላት፤ ወንበሯ ቆዳ፣ ማርሿ ኦቶማቲክ፣ ጣራዋ ላይ ሰማይ የሚያሳይ መስታወት። ሆዷ ከመሬት ከፍ ስለሚል የእኛን ሸንተረር ትወጣለች። ደላላው «የቤተሰብ መኪና ናት፤ ቅንጦት እኮ ነው» እያለ የሻይ ኩባያ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ሳይቀር አሳየን። እናቴ ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰችና «ሰው ሲያስመልሰው ይታጠባል?» አለችው። ደላላው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ወደ ኩባያው ቀዳዳ ተመለሰ።

ፍሬኗን ለመፈተን እኔና ወንድሜ ሊማሊሞን ቁልቁል ይዘናት እስከ ዛሪማ ወረድን። ወንድሜ በጉብዝናው ጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቶ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ መንዳቱን ያውቅበታል። በያንዳንዱ ጥምዝ ላይ አፍንጫዬን በመስኮት አውጥቼ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸተኝ እንደሆነ አሸት ነበር። አልሸተተኝም። ዛሪማ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እኛ ግን መስኮቱን ዘግተን፣ ቀዝቃዛ አየር ለቀን፣ እንደ ባለሥልጣን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆምን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። ሽቅብ ስንመለስ «ሞተሯ አይደክማትም» ከማለት በቀር ምንም አላወራም። ጎንደር ጋራዥም ወሰዳት። መካኒኩ ሞተሯ ዘይት እንደማይጠጣ፣ ወገቧ ማለት ሻንሲዋ ቀጥ ያለ እንደሆነ፣ ግጭት እንደማታውቅ ነገረው፤ ወንድሜም ለሁላችን ነገረን።

ሐሳባችን እንዲህ ነበር፦ ወንድሜ ሁለቱን በቅሎዎች ይሸጣል፣ በአጥሩ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ እኔ ዕቁቤን አወጣለሁ። የእኔ ዕቁብ ብቻውን የመኪናዋን አንድ በር አይገዛም፤ ነገሩ ሁሉ በበቅሎዎቹ ላይ የቆመ ነው። መኪናዋ አባታችንን ሆስፒታል ታመላልሳለች፤ በቀረው ጊዜ ቱሪስት ትጭናለች ተባለ። ቱሪስት የሚጭኑት ግን በማኅበር የተደራጁ ባለመኪኖች ናቸው፤ ወንድሜን ማን ተራ ሰጥቶት? ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አላነሳውም።

አንድ ነገር ቀረ፤ አባቴ ሊያዩዋት ይገባል።

አባቴ በቅሎ አዋቂ ነበሩ። ደባርቅ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳይዝ አይወጣም። ጥርሷን ያያሉ፤ ገጣባዋ በፀጉር ተሸፍኖ እንደሆነ ጀርባዋን በጣታቸው ይፈትሻሉ፤ ከዚያ ቁልቁል አስነድተው ከኋላዋ ቆመው አረማመዷን ያያሉ። ካልወደዷት ብዙ አይናገሩም። ልጓሙን ለባለቤቱ ይመልሱና እጃቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ፤ ገበያው በዚያው ያልቃል። እሳቸው የመለሷትን በቅሎ መግዛት ፊት ለፊት እንደመስደብ ነው፤ ያደረገውም ሰው አላውቅም። በእኛ ቤት ይህ ልማድ ከበቅሎ አልፎ ነበር፤ የግድግዳ ሰዓት እንኳ እሳቸው ሳያዩት አይገዛም። ስለዚህ መኪና ሲመጣ «ይኸ እኮ በቅሎ አይደለም» ያለ ማንም የለም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ወንድሜና ደላላው መኪናዋን አጥራችን ድረስ አመጧት። አባቴ እኔን ተደግፈው ወጡ። እየቆሙ፣ እየተነፈሱ ዞሯት። ጎማዋን በብትራቸው መታ መታ አደረጉ። ኮፈኑ ሲከፈትላቸው አንገታቸውን አስገብተው አሸተቱ። ወንበሩ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ቶሎም አላነሱም። ከዚያ ወንድሜን «ቁልቁል ንዳት» አሉት። እሱ ሲወርድ ከኋላ ቆመው ተመለከቱ፤ እሱ ሲመለስ ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉና ለደላላው ሰጡት። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ደላላው ደንግጦ «አባቴ፣ ምን ጉድለት አዩባት?» አለ።

«ኋላዋ ይጎተታል» አሉ። «ወገቧ ተሰብሮ የተጠገነ ነው። ልጆቼ አይገዟትም።»

«አባየ፣ መካኒኩ እኮ ምንም የላትም ብሏል!» አልኩ።

ወንድሜ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አባየ ካሉ አሉ» አለ፤ ደላላውንም ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ቀን ጋራዥ ድረስ የዞረ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ በአንዲት ቃል አፉን ይዘጋል? በሰው ፊት የአባት ቃል አይመለስም ብዬ እኔም አባቴን ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያበጠ እግራቸውን በለብታ ውሃ እያጠብኩ ጠየቅኳቸው። ሌላ ሰው አጠገባችን አልነበረም።

«አባየ፣ እውነት ወገቧ ተሰብሯል?»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። እስኪመለስላቸው ጀርባቸውን ያዝኩ። «እሷ ምን ትሆናለች፤ እንደሷ ያለች ጤነኛ አይቼም አላውቅ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን?»

«እኔ ጎንደር ብመላለስ ምን ያህል እቆያለሁ? ዞሮ ዞሮ ሟች ነኝ። እነዚህ የወንድምሽ ሕፃናት ግን ገና መብላት አለባቸው። በቅሎዎቹ ከተሸጡ ማን አጉርሷቸው ሊያድጉ ነው?»

«መኪናዋ ለርስዎ እኮ ነው የታሰበችው!»

«ለኔ ስለሆነማ ነው» አሉ። ከዚያ እጄን ከውሃው ውስጥ አውጥተው ያዙኝ። «ለወንድምሽ ትንፍሽ ብትይ፣ በሥላሴ ገዝቼሻለሁ።»

የአባት ግዝት በእኛ አገር የሚቀለድበት ነገር አይደለም፤ የገዘተው ሰው ሲሞት ደግሞ ማን ይፈታዋል? እኔ ግን ከመፍራቴ በፊት ተናደድኩ። በታመመ አባት መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናደድኩ። መሞቱን የመረጡት እሳቸው፣ አፌን ይዤ የምመለከተው እኔ። ውሃውን ደጅ ደፍቼ፣ ደህና ዋሉ ሳልል ወደ ዳባት ወረድኩ።

ክፍል ገብቼ የማስተምረውን አላውቀውም ነበር። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እቀራለሁ። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ሰኔ እየመጣ ነው፤ ሰኔ ከገባ ያ ሸንተረር በጭቃ ይያዛል። ለደላላው ደወልኩ፤ መኪናዋ አልተሸጠችም፣ ጎንደር ቆማለች አለኝ። በዚያው ሳምንት ትምህርት አስፈቅጄ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዳዊታቸውን ዘጉ። «አባትሽን እቆጣቸዋለሁ» አሉ። «ነፍስ የሚያጠፋ ነገር በግዝት አይታሰርም። የወላጅን ምስጢር ማባከን ግን ቀላል አይደለምና ስግደት እሰጥሻለሁ።»

«የፈለጉትን ይስጡኝ አባቴ፤ ብቻ ይፍቱኝ።»

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ሂጂ፣ ንገሪው።»

ደባርቅ ላይ በቅሎ አከራዮች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። ወንድሜን እዚያ አገኘሁት፤ የፈረንጆች ድንኳን እየጫነ ነበር። ባርኔጣ ያደረጉ ባልና ሚስት ዳር ቆመው ፈገግ ይሉልናል። ወደ ጎን ጎተትኩትና ነገርኩት፦ አባየ ዋሽተዋል፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ እስካሁን አልተሸጠችም፣ ዛሬውኑ ደውል።

መጫኛውን ሳብ አድርጎ አጠበቀ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ወገቧ አለመሰበሩን። ጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ከመካኒኩ ጋር ገብቼ ዳር እስከ ዳር በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

«አባየ እንዲያ ሲሉ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «እታለም፣ አባየ ያን ሲናገሩ የሚያዩት ደላላውን አልነበረም፤ እኔን ነበር። እሺ በለኝ ነው የሚሉኝ። ከዛሪማ ስንመለስ ጀምሮ በቅሎዎቹ ከተሸጡ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ ስል ነበር። ቁልፉን ሲመልሱለት እፎይ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ፈረንጆቹ ባይኖሩ በጥፊ የምመታው ይመስለኛል። አልመታሁትም። ፊቱን ሳየው በአንድ ሰሞን ያረጀ ሰው ሆኗል፤ ጢሙ ሳይቀር ሸብቷል። ስለ ራሱ የሚናገረውን እያንዳንዷን ቃል አስቀድሞ ለራሱ ሲላት የከረመ መሆኑ ያስታውቃል።

«እንግዲያውስ ማወቅህን ንገራቸው» አልኩት። «ሌላው ይቅር፤ ውሸቱን እንኳ ብቻቸውን አይሸከሙት።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። «ማወቄን ከነገርኳቸውማ፣ አውቄ እንደተውኳቸው እሆናለሁ፤ በቅሎዎቹን መሸጥ ሊኖርብኝ ነው» አለ።

ገመዱን ይዞ በቅሎዎቹን ወደ ጨነቅ መንገድ መራቸው፤ ፈረንጆቹም ተከተሉት። አባቴ ሐምሌ ሳይጋመስ አረፉ።