ስም የሚያስጠራ ካፌ

አሠሪያችን አንድ ነገር ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ቦሌ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጀመረው «ስፔሻሊቲ» የሚባለውን ምርጥ ቡና የሚሸጥ ካፌ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። አራተኛውን አዲሱ ገበያ ሲከፍት የቅርንጫፉ ኃላፊ አደረገኝ። ቤቴ ቀጨኔ ነው። ለዓመታት ታክሲ ስጋፋ የኖርኩ ሰው በእግሬ ሄጄ ሥራ ልገባ ነው ሲባል ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ካፌው ጭር አለ። ጥፋቱ የቡናው አይደለም፤ ቡናውማ ጥሩ ነው፣ ይህን ስል እየጎረርኩ ነው። ጥፋቱ የደንቡ ነው። በሁሉም ቅርንጫፍ ደንበኛው ቡና ሲያዝዝ ስሙ ይጠየቃል፣ በወረቀት ኩባያው ላይ ይጻፋል፣ ቡናው ሲደርስ ጮክ ተብሎ ይጠራል። «ሰው ስሙ ሲጠራ ቤተኛ የሆነ ይመስለዋል» ይላል አሠሪያችን። ቦሌ ላይ ሠርቶለታል።

እኛ ያለንበት ጉለሌ ግን ሌላ ነው። አንድ የሽሮ ሜዳ የጥበብ ነጋዴ ስሙን ስጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠና «ለግብር ነው?» አለኝ። ሌላው የጎረቤቱን ስም ሰጠኝ፤ ጎረቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ኖሮ ቡናውን አንስቶ ጠጣበት። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ደግሞ ስማቸው አንቱታው ተገፎ ባዶውን ሲጠራ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና «አባቴም እንዲህ ጮኾ አልጠራኝም» ብለው ቡናውን ሳይነኩ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደጃችን ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

አሠሪዬ ደወለ። «መጥቼ አየዋለሁ። ካልሆነ ይዘጋል፣ አንቺም ወደ ቦሌ ትመለሻለሽ።»

«ደንቡን ላንሳው?» አልኩት።

«ደንቡን እንዳትነኪ።»

የታክሲው ሰልፍ በዓይኔ ዞረ። ተናደድኩ፤ ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ።

የመጣው በወሩ የማርያም ዕለት ነው። ከቁስቋም የተመለሱ እናቶች ፀሐዩን ሽሽት ገብተው ስለነበር ካፌው ለአንዴ እንኳ ሰው ሰው ይሸታል። ማርከሩን ከእጄ ተቀበለና «እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ» አለ። ወዲያው ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት እናት ወደ ካውንተሩ ቀረቡ።

«እናቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

ማርከሩን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ፊታቸው በራ። ስም ጠይቆ የሚጽፍ ሰው የሚያውቁት ለጸሎት ነው። የክርስትና ስማቸውን ሰጡት። ጻፈ።

«የባለቤቴንም ያዝልኝ፣ እግራቸውን እያመማቸው ነው» አሉ።

ሌላ ኩባያ አነሳ። እሳቸው ቀጠሉ፤ ፈተና የደረሰባት የልጅ ልጅ፣ አላገባም ብሎ ያስቸገራቸው ልጅ፣ ያኮረፈቻቸው እህት። እሱ በየስሙ ኩባያ ያነሳል፣ እኔ በየኩባያው ቡና እቀዳለሁ። ደንቡን እንዳትነኪ ተብያለሁ፣ አልነካሁም።

በመጨረሻ ቀና ብለው አዩት። «ያንተስ ልጄ?»

«እኔ እንኳን... ማለቴ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ ላይ ላለ ሰው አይጸለይም?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ግንባሩን እያሻሸ አሰበ፣ አሰበና ዝቅ ባለ ድምፅ የክርስትና ስሙን ነገራቸው።

«ጻፈዋ» አሉት። ጻፈው።

ቡናው ሲደርስ በደንቡ መሠረት ጮክ ብዬ ጠራሁ። የእሳቸውን ስም ስጠራ ነጠላ ከለበሱት እናቶች ገሚሱ አብረው ብድግ አሉ፤ ለካ ያ ሁሉ ሰው ክርስትና የተነሳው በአንድ ስም ኖሯል። ሳቁ። ወንበር አጠጋጉ። የባልየውን፣ የልጅየውንና የእህትየውን ቡና ከነስሙ ተከፋፈሉት። ማን የማንን እንደጠጣ እግዜር ይወቅ።

የቀረው የአሠሪዬ ኩባያ ነበር። ጠራሁት። የሚነሳ ጠፋ። ደግሜ፣ አሁን ትንሽ በክፋት፣ ከፍ አድርጌ ጠራሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማየት አንገቱን አስግጎ ወንበሮቹን ይቃኛል።

እናትየዋ ክንዱን ነካ አደረጉት። «አንተን እኮ ነው ልጄ።»

ኩባያውን ተቀብሎ በላዩ ያለውን የራሱን ጽሑፍ አነበበ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም» አለ። ለእኔ ይሁን ለእሳቸው አልገባኝም፤ ያን ያህል የተናደድኩበት ሰው ግን በአንዴ አሳዘነኝ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለትና መሀላቸው ተቀመጠ። ቅርንጫፉን ስለመዝጋት ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም፤ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ በእግሬ ሄጄ እሠራለሁ።