ሐናንን በየጠዋቱ የሚቆርጣት

የጀመራት ሰኞ ጠዋት ነው። ልጄን ሐናንን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ሻዩን ሳትነካ፣ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

"አባ፣ ሆዴን ቆረጠኝ። ፕሊስ ዛሬ ሱቅ አትሂድ" አለችኝ።

እናቷ የማታው ሩዝ ነው አለች። እኔም ቀርቼ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ደህና ሆነች፣ እንዲያውም ትስቅ ነበር።

በማግስቱም ቆረጣት። ናይሮቢ ውስጥ ሆዱን ያመመው ሁሉ ታይፎይድ ይባላል፤ ተመረመረች፣ የለባትም። አሜባም የለባትም። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው። ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ያለ ያገራችን ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ብሎ ፈረደና በርበሬ ከቤታችን ተሰደደ። ሐናን ግን ከሳች። እንቅልፍ አጣች። መጽሐፍ ከእጇ የማይለይ ልጅ አንድ ገጽ መጨረስ አቃታት። ልጄን ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

በመጨረሻ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ሆዷን ዳሰሰችና እኛን ውጭ ጠብቁ አለችን። ቆየን። በሩ ሲከፈት ሐናን ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሐኪሟ እሷን አስፈቅዳ ነገረችን።

ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከማታቱ ታክሲው መስኮት አይታለች። ሰዎች አንድ ሰውዬ ከበው ይደበድባሉ። ስልክ ሰርቋል ተባለ። ሰውየው ለመናቸው። ስዋሂሊው የውጭ አገር ሰው ስዋሂሊ ነበር። አልሰሙትም። ሞተ።

"አባቴን ሌባ ቢሉት እንዴት አድርጎ ያስረዳል ነው የምትለው" አለች ሐኪሟ። "እያስመሰለች አይደለም። ሆዷ በእውነት ይቆርጣታል።"

ኢስትሊ የሚባለው ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ስዋሂሊዬ ከሜትርና ከዋጋ አያልፍም። ልጄ በየጠዋቱ የምትታመመው ለእኔ ፈርታ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሳይኮሎጂስት ዘንድ ተላክን። ሐናን ያየችውን በአቅሟ እየተናገረች፣ መናገር ሲከብዳት እየሳለች፣ ሲደክማት እያረፈች ብዙ ወራት ተመላለሰች። ሳይኮሎጂስቱ እኔንም አልተወኝም። "ምንም አይደርስብኝም ብለው አይማሉላት፤ አታምንዎትም። የሚችሉትን ያድርጉ" አለኝ። ስለዚህ ስዋሂሊ አስተምሪኝ አልኳት። ከእራት በኋላ እሷ አስተማሪ እኔ ተማሪ ሆነን፣ እኔ እያበላሸሁ እሷ "ፖሌ ፖሌ አባ፣ አትቸኩል" እያለች እያረመችኝ፣ አንዳንዴም በሳቅ ፍርስ እያለች፣ ያ የጠፋብን ሳቋ ቀስ በቀስ ወደ ቤታችን ተመለሰ። መንገድ ላይ ጩኸት የሰማች ቀን ቁርጠቱ ያገረሽባት ነበር። ያኔም ሳይኮሎጂስቱ እንዳስተማራት በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ እኔም እጇን ይዤ አብሬያት እተነፍሳለሁ። እየቆየ ግን በመጨረሻ ያገረሸባት መቼ እንደነበር መርሳት ጀመርን።

እነዚያን ሁለት ሐኪሞች አላህ ይስጥልኝ። ለእኔ የተረፈኝ ምክር ትንሽ ነው። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቃት ልጃችሁን አስመሳይ አትበሏት። ምን እንዳየች ጠይቋት፤ መልሱን ለመስማትም ጊዜ ስጧት። ከዚያ ደግሞ ለማን እንደምትፈራ ጠይቋት። ምናልባት ለእናንተ ይሆናል።