እርጥቡ ኖራ

በጣልያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ። ጠላት አገር ይዞ፣ አባቴ ለመንገድ ሥራው ድንጋይ ሲሸከሙ ትከሻቸው ተልጦ፣ እኔ ቀለም እበጠብጥ ነበር። ቀለም ስበጠብጥ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ?

ቀለሜ ሁሉ ከቤትና ከደጅ የተለቀመ ነው። ቀዩ ከሮቢ ወንዝ ዳር የተቆፈረ አፈር፣ ጥቁሩ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ ቢጫው ከእናቴ ጓዳ የሚሰረቅ እርድ። ሰማያዊ አልነበረኝም፤ እሱንም የጣልያኖቹን ልብስ ከምታጥብ ጎረቤታችን በሦስት እንቁላል ለወጥኩት። የእነሱን ሸሚዝ ሊያነጣ የመጣ ሰማያዊ ዱቄት እኔ ዘንድ ሰማይ ሆነ። ብሩሼ መፋቂያ ነው፤ ጫፉን አኝኬ ጭራ አስመስለዋለሁ። አባቴ የከለከሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነፍስ ያለው እንዳልስል። እኔም ማሽላ፣ አበባና ሐረግ እስል ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በመስከረም እንደገና እጀምራለሁ።

በእኛ ቤት ልማድ ሙሽራ የምትወጣው ካጌጠ በር ነው። ታላቅ እህቴ ስትታጭ ለእሷ ብዬ የፊት ግድግዳው ላይ አንድ ወር ለፋሁ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ በርሜል ኖራ አስጭኖ መጣ። አንድ ትልቅ ሹም በመንገዱ ሊያልፍ ነውና ወደ መንገዱ የዞረ ግድግዳ ሁሉ ነጭ ይሁን ተባለ። ነጭ ያልሆነ ቤት ይፈርሳል። አብረውት የመጡት ሠራተኞች ዓይኔ እያየ ማሽላዬን በኖራ ለቀለቁት። አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ግን ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር።

እህቴ ከእኔ ባሰች። «ከፈን ከመሰለ ቤት አልወጣም። ወላሂ አልወጣም!» አለች።

«ልጆች፣ ቤቱን ልታስፈርሱብኝ ነው?» አሉ አባቴ።

እውነታቸውን ነው። ሙሽራው ደግሞ ዘመዶቹን ይዞ ከአሊዩ አምባ መንገድ ጀምሯል። ደርሶ ሙሽራዪቱ አልወጣም ብትል ውርደቱ የሁላችንም ነው።

የጓሮው ግድግዳ ትዝ አለኝ። ከመንገድ አይታይም፤ ትንሽ በርም አለው። ሠራተኞቹ የተረፈውን ኖራ ደጃችን ጥለውት ሄደዋል።

«አባ፣ የጓሮው በር በር አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከዚያ «ከመንገድ የሚታይ ነገር እንዳትነኪ» ብለው ገቡ። እኔ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ጓሮውን ኖራ ቀባሁት። ግድግዳ ቀለም የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። እኔ ግን የምጠብቅበት ጊዜ ስላልነበረኝ በእርጥቡ ላይ ጀመርኩ። ቀዩና ሰማያዊው ነጩ ላይ ሲያርፉ እንደዚያ ደምቀው አይቻቸው አላውቅም። ለካ ጭቃ ላይ ስስል የኖርኩት በጨለማ ነበር! ከዚያ ማሽላዎቹን በእርድ ሞላኋቸው። ቢጫው ወዲያው ዓይኔ ፊት ቀላ። ኖራ እርድን እንደሚያቀላ ከየት ልወቀው? «አበላሸሁት!» ብዬ ጮህኩ።

እህቴ እጇን ሂና እንደተቀባች ሮጣ ወጣች። አየችውና ሳቀች፤ ማሽላዬ ከተለቀለቀ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

«ምኑን አበላሸሽው? ማሽላሽ በሰለ እንጂ!»

በማግስቱ የሙሽራው ሰዎች ዞረው በጓሮ ገቡ። አጎቱ ግድግዳውን አይተው «ማሻአላህ! እዚህ ቤት አዝመራው ቀድሞ ደርሷል» አሉ። እህቴ በዚያች ትንሽ በር ቀና ብላ ወጣች። ሹሙ በዚያው ሳምንት በመኪና አለፈ፤ አቧራው የመንገዱን ዳር ነጭ ግድግዳ ሁሉ ሸፈነው። እሱ ዞር ብሎ ማየቱንም እንጃ።

ክረምቱ ሲገባ እንደ ልማዴ ሥዕሌን ልሰናበት ጓሮ ቆምኩ። ዘነበ፣ ዘነበ፤ ግድግዳዬ ንቅንቅ አላለም። በጣቴ ብፈትገውም አልለቀቀም። የእርዱ ቅላት እያደር በፀሐይ ደበዘዘ፤ አፈሩና ሰማያዊው ግን እንደተቀቡ ኖሩ። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ እንደሚደርቅ ያኔ ገባኝ። በዝናብ እየሮጥኩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሙሽሮች ሁሉ በጓሮ በር መውጣት ጀመሩ፤ ኖራው ከጣልያኖቹ ካምፕ እየተሰረቀ ይመጣል፣ መፋቂያዬን ይዤ እኔ እጠራለሁ።

ጣልያን የወጣ ሰሞን አባቴ ጠላት ጥሎት ከሄደው ካምፕ በሁለት አህያ ኖራ ጭነው መጡ። ሹሙ ያለፈበትን፣ ወደ መንገዱ የሚያየውን የፊት ግድግዳ በገዛ እጃቸው ቀቡት። ቀብተው ሲጨርሱ ከኪሳቸው አዲስ መፋቂያ አውጥተው ሰጡኝ።

«በይ፣ ሳይደርቅ ጀምሪ» አሉኝ።